ኤጎኒን ፍለጋ፦ ከኦሎምፒያ እስከ ጌቴሴማኒ

አቴንስ

ኦሞኒያ አደባባይ አካባቢ አንድ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩት። የግሪክን ፊደል አውቃለሁ፤ ቋንቋው ግን ለመንገድና ለምግብ ከሚበቃኝ አያልፍም። ከፊልሙ ርዕስ ሥር «ቴኒያ አጎኒያስ» ይላል። እንግሊዝኛ ለለመደ ዓይን «የስቃይ ፊልም» ያለ ይመስላል። ሽጉጥ የያዘ ሰውና የጨለመ ደረጃ ባይሳልበት ኖሮ የሕማማት ፊልም ነው ብዬ አልፈው ነበር። ትኬት የሚቆርጠውን ልጅ ብጠይቀው «መጨረሻው ምን እንደሚሆን ሳታውቅ የምታየው ዓይነት» አለኝ። ልብ አንጠልጣይ ማለቱ ነው።

እዚህ አገር ያመጣኝም ይኸው ቃል ነው። እንግሊዝኛው «ኤጎኒ» ዛሬ ከስቃይ ሁሉ የባሰውን ይናገራል። ኩላሊቱን ጠጠር የያዘው ሰው ሲያቃስት ኤጎኒ ነው፤ ነፍሱ ልትወጣ የምትታገለውም ሰው ኤጎኒ ላይ ነው። የቃሉን ዘር የሚቆጥሩ መዝገበ ቃላት ግን ሁሉም ወደ ግሪክ ይጠቁማሉ፤ እዚያ ደግሞ «አጎን» የሚባለው ውድድር ነው። ከሩጫ ሜዳ የተነሣ ቃል በየት በኩል ዞሮ ከሞት አልጋ አጠገብ ደረሰ? መልሱን መጽሐፍ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። እኔ ግን መንገዱን በእግሬ ልከተለው ፈለግሁ።

ከሥሩ እንነሣ። ግሪኮች መንዳትንና መምራትን «አጌይን» ይሉ ነበር። ሰው ተመርቶ መጥቶ የሚሰበሰብበት «አጎን» ሆነ። በሆሜር ግጥሞች ውስጥ ቃሉ ጉባኤም ነው፣ የጉባኤው ቦታም ነው። ሰው በተሰበሰበበት ጉልበት መለካካት አይቀርምና ስሙ ቀስ በቀስ ወደ ግጥሚያው ዞረ። የፍርድ ቤት ክርክርም አጎን ተባለ። በአክሮፖሊስ ደቡባዊ ቁልቁለት በዲዮኒሶስ ቲያትር የተሰበሩ የእብነ በረድ ወንበሮች መካከል ስዘዋወር ያስታወስኩት ይህንኑ ነበር፤ ሶፎክለስም ሆነ ዩሪፒደስ ድራማቸውን እዚህ ያቀረቡት ተወዳድረው ነው። ዳኛ ነበረ፣ አንደኛ የሚወጣ ነበረ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚመለስም ነበረ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ «ፕሮታጎኒስት»፣ ባላጋራውን «አንታጎኒስት» የምንለው ከዚያ በተረፈ ልማድ ነው።

«አጎኒያ» ደግሞ የተወዳዳሪው ሁኔታ ነው፤ መጀመሪያ ትግሉ ራሱ፣ በኋላ በትግሉ ጊዜ ሆድ ውስጥ የሚገላበጠው ነገር። ፈላስፎቹ ስቶይኮች ከፍርሃት ወገን መደቡት፤ እንዳይከሽፍብኝ፣ እንዳልሸነፍ የሚሉት ፍርሃት ነው ብለው። በአርስቶትል ስም የሚታወቀው የጥያቄዎች መጽሐፍ፣ አጎኒያ የያዘውን ሰው ፊቱን ሳይሆን እግሩን የሚያልበው ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውን የጻፈው ሰው ራሱ አንድ ቀን ተራውን እየጠበቀ የቆመ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ኦሎምፒያ

ከአቴንስ ፒርጎስ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከፒርጎስ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሌላ አውቶቡስ። ስለ መንገዱ የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ ተኝቼ ነበር።

ጥንታዊው ስፍራ የአልፊዮስና የክላዴኦስ ወንዞች በሚገናኙበት ሜዳ፣ ክሮኖስ በሚባል ትንሽ ኮረብታ ሥር ይገኛል። የዜውስ ቤተ መቅደስ ግዙፍ ዓምዶች ተንደው፣ ድንጋዮቻቸው እንደተቆረጠ ዳቦ በጎናቸው ተጋድመዋል። ጥድ አለ፤ ወይራ አለ። የአሸናፊው አክሊል የሚጎነጎነው ከዱር ወይራ ቅርንጫፍ ነበር፤ እኛ የጠላ ጋን ከምናጥንበት ወይራ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። ወርቅ አልነበረም፣ ብርም አልነበረም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የሚባል ደረጃም አልነበረም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ሳንይዝ «አጎኒያ»ን መረዳት የሚቻል አይመስለኝም። አንድ ሰው ያሸንፋል፤ የቀሩት ሁሉ ተሸናፊዎች ናቸው። የድል ግጥም ጸሐፊው ፒንዳር በአንድ ስንኙ የተሸነፉትን ልጆች ሲገልጻቸው፣ ጠላት እንዳያያቸው በጓሮ በጓሮ ተደብቀው ወደ እናታቸው ቤት የሚመለሱ አድርጎ ነው።

ወደ ስታዲየሙ የሚገባው በአንድ መተላለፊያ ነው፤ 32 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ከላይ ከነበረው የድንጋይ ቅስት የቀረው ጥቂት ነው። መተላለፊያው ጋ ከመድረሴ በፊት በግራዬ በኩል የድንጋይ መሠረቶች ተደርድረው አየሁ። ላያቸው ላይ የነሐስ የዜውስ ሐውልቶች ነበሩ፤ ዛኔስ ይሏቸዋል። የተሠሩት ሲያጭበረብሩ የተያዙ አትሌቶች በከፈሉት መቀጮ ነው። የመጀመሪያዎቹን ያስከፈለው ኤውፖሎስ የሚባል የቴሳሊያ ቦክሰኛ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ388 ሦስት ተጋጣሚዎቹን በጉቦ ደልሎ ነበር። ወደ ሜዳ የሚገባ ተወዳዳሪ በመጨረሻ የሚያየው እነዚህን ነው። ዘዴኞች ነበሩ።

ከተቀጡት መካከል ልቤን የያዘው ግን አጭበርባሪ አይደለም። በ2ኛው መቶ ዘመን ግሪክን ዞሮ ያየውን ሁሉ የመዘገበው ፓውሳንያስ እንደጻፈው፣ በ201ኛው ኦሎምፒያድ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ25 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሳራፒዮን የሚባል የእስክንድርያ ሰው ለፓንክራቲዮን መጣ። ፓንክራቲዮን ቡጢና ትግል የተቀላቀለበት፣ ከመንከስና ዓይን ከመጎርጎር በቀር ሁሉ የተፈቀደበት ግጥሚያ ነው። ሳራፒዮን ውድድሩ አንድ ቀን ሲቀረው ተጋጣሚዎቹን ፈርቶ ጠፋ። በፍርሃት ምክንያት የተቀጣ እሱ ብቻ ነው ይላል ፓውሳንያስ። ማንም በቡጢ አልመታውም፣ ማንም አንገቱን አላነቀውም። ያባረረው የነገው ቀን ነው። ስቶይኮቹ አጎኒያ ያሉትን እንደዚህ ሰው ያወቀው ማን አለ?

ስታዲየሙ ወንበር የለውም፤ 45,000 ያህል ተመልካች በሣር ቁልቁለቱ ላይ ይቀመጥ እንደነበር ይገመታል። ከዳኞቹ መቀመጫ ፊት ለፊት የዲሜጥራ ካህን ትቀመጥበት የነበረው መሠዊያ አለ፤ ካገቡ ሴቶች ሁሉ ውድድሩን ማየት የሚፈቀደው ለእሷ ብቻ ነበር። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የአቴንስ ኦሎምፒክ ጊዜ የአሎሎ ውርወራው እዚህ ሜዳ ላይ ተካሂዶ ሴቶችም ወንዶችም ተወዳድረውበታል። በዕለቱ በሁለቱም ጾታ ወርቁን የወሰዱት በኋላ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ተነጥቀዋል። ለሁለት ዛኔስ የሚሆን ቦታ በሰልፉ ጫፍ ላይ አላጣሁም።

መነሻው መስመር ነጭ ድንጋይ ነው፤ ሯጩ የእግሩን ጣቶች የሚያስይዝባቸው ሁለት ቦዮች ተቦርቡረውበታል። ከዚህ እስከ ወዲያኛው ጫፍ 192 ሜትር ከጥቂት ሳንቲም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ776 እዚህ ሮጦ አንደኛ የወጣው፣ ስሙ በመዝገብ የቀረልን የመጀመሪያው የኦሎምፒክ አሸናፊ፣ ኮሮይቦስ የተባለ የኤሊስ ወጥ ሠሪ ነው።

እኔ ድንጋዩ አጠገብ ቆሜ ሳለ የተማሪዎች ቡድን መጣ። መምህራቸው ስድስት ልጆች አሰለፈ፤ ጫማቸውን አውልቀው ጣቶቻቸውን ቦዩ ላይ አሳረፉ። ጫፍ ላይ የቆመው ቀጭን ልጅ ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ወጣ ገባ አለ። መምህሩ እጁን አነሣና ሆን ብሎ ቆየባቸው፤ እየሳቀ። ልጆቹ አይሥቁም። እጁ ሲወርድ ተፈተለኩ፤ ቀጭኑ ልጅ አራተኛ ወጣና ወዲያው ቀለለው፤ ከሁሉ በላይ ሲጮኽና ሲጫወት የነበረው እሱ ነው። ጭንቁ ሁሉ የነበረው ከመነሻው መስመር በስተጀርባ ነው።

ስለ ሥቃይም አስቤያለሁ፣ ቦታው ያሳስባል። ፓውሳንያስ ስለ አሪኪዮን የጻፈውን ያነበበ ሰው ሳያስብ አያልፍም። አሪኪዮን የፊጋሊያ ሰው ነው፤ ፓንክራቲዮንን ሁለት ጊዜ አሸንፎ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ564 ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። በመጨረሻው ግጥሚያ ባላጋራው ወገቡን በእግሮቹ ጠፍሮ አንገቱን አነቀው። አሪኪዮን እየታነቀ የባላጋራውን የእግር ጣት ይዞ ሰበረው። ነፍሱ ስትወጣ፣ በዚያው ቅጽበት ባላጋራው ሕመሙን መቋቋም አቅቶት እጁን ሰጠ። ዳኞቹ አክሊሉን በሬሳው ራስ ላይ ደፉ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ኤጎኒ የሚለው የሞተውን ነው፤ የጥንቱ ግሪክ ግን አጎን የሚለው ሁለቱንም ያያያዘውን ግጥሚያ ነው። ሕመሙ የተመዘገበውም ለተሸናፊው፣ ለጣቱ ነው። የባላጋራው ስም እንኳ ለምን እንዳልቀረ ስጠይቅ ትዝ የሚለኝ የፒንዳር ጓሮ ነው።

ሙዚየሙን ቶሎ አለፍኩት። የፕራክሲቴሌስ ነው የሚባለው ሄርሜስ ቆንጆ ነው፤ ሰውም ከብቦታል። እኔ የቆየሁት ቢቦን የሚባል ሰው ባነሣው ድንጋይ አጠገብ ነው። 143 ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ በላዩ የተቀረጸው ጽሑፍ ቢቦን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ወረወረኝ ይላል። ጉራ ይሁን እውነት አላውቅም፤ ድንጋዩ ግን አለ። ፓውሳንያስ ያየውን የአጎንን ምስል ግን አላገኘሁትም። አጎን ራሱ በሰው አካል ተሠርቶ፣ ዘላዮች ሲዘሉ የሚይዟቸውን ክብደቶች ጨብጦ ቆሞ ነበር ይላል። ለውድድር ምስል ማቆም ምን ይገርማል? ለፍርሃት ቢሆን ነበር የሚደንቀው።

ማታ፣ ያረፍኩበት ቤት

የቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ ሴት ናቸው። ሁለት ልጆቻቸው ጀርመን አገር ይሠራሉ፤ እንግሊዝኛውን ከእንግዶች ነው የለመዱት። ቡና አቅርበውልኝ የመጣሁበትን ነገር ስነግራቸው አልገባቸውም። «አጎኒያ ሕመም አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። «ልጄ ለፈተና ሲቀመጥ እኔን የሚይዘኝ ነው አጎኒያ። ኳስ ሊመቱ ሲሉ።»

«እሺ፣ ሰው ሊሞት ሲያጣጥርስ ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጥቂት አስበው «ፕሲኮማኪ» አሉ፤ ነፍሱ እየተዋጋች ነው እንደ ማለት። ከዚያ ቡናው ቢቀዘቅዝ ሌላ ሊያፈሉ ተነሡ፤ ሞት በተነሣበት ቀዝቃዛ ቡና አይጠጣም አሉ፤ የአገሩ ልማድ ይሁን የሳቸው አልጠየቅሁም።

ታዲያ ግሪኮቹ ለራሳቸው ጭንቀቱን አስቀርተው ሕመሙን ለእንግሊዞች የሰጡት መቼ ነው? ክፍሌ ገብቼ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ማዞሪያው የሉቃስ ወንጌል ነው። በምዕራፍ 22፣ ጌታ ከመያዙ በፊት በደብረ ዘይት ሲጸልይ የነበረበትን ሁኔታ ሉቃስ «አጎኒያ» ብሎ ጻፈው። ቃሉ በአዲስ ኪዳን በሙሉ ሌላ ቦታ አይገኝም፤ አንዳንድ ጥንታዊ ብራናዎችም ይህን ክፍል አልያዙም። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሄሮኒሞስ ወንጌላቱን በላቲን ሲያርም ቃሉን አልተረጎመውም፤ ግሪክኛውን እንዳለ አስቀረው። ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ሁልጊዜም ያን ሌሊት ተሸክሞ ተሻገረ። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጀምስ ትርጉምም ያው ነው።

እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባም ወዲያው የሥጋ ሕመም አልሆነም። ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በጻፈው የወፍጮ ባለቤቱ ታሪክ ውስጥ አንድ አናጢ፣ ደጁን ዘግቶ የቀረውን ተከራዩን ጤና ሲጠረጥር፣ አእምሮው ተናውጧል ለማለት ይጠቀምበታል። ለሥጋ ስቃይ መዋል የጀመረው በ1600 አካባቢ ነው። ነገሩ የሚገባ ነው፤ ቃሉን የሰሙት ሁሉ ከጌቴሴማኒው አትክልት ቦታ ቀጥሎ የመጣውን ግርፋትና ስቅለት ያውቃሉ፤ ቀጣዩ ስቃይ ወደ ኋላ ተመልሶ የሌሊቱን ስም ወረሰው። በ19ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የለንደን ጋዜጦች የጠፋ ዘመድ የሚፈለግበትን፣ የተጣላ ፍቅረኛ የሚለመንበትን ዓምድ «የኤጎኒ ዓምድ» አሉት፤ ዛሬም ለፍቅርና ለትዳር ጥያቄ መልስ የምትሰጠዋን ጸሐፊ «የኤጎኒ አክስት» ይሏታል። ቀልድ ቢመስልም ከዋናው ፍቺ የራቀ አይደለም። መልስ የሚጠብቅ ሰው ነው እኮ ደብዳቤ የሚጽፍ።

ጌቴሴማኒ

ኢየሩሳሌም ላይ ዕድለኛ ነበርኩ። ዴር ሱልጣን ከሚኖሩት አባቶች አንዱ «ብቻህን ምን ታደርጋለህ፣ እኔም ልሳለም» ብለው አብረውኝ የቄድሮንን ሸለቆ ወረዱ። ጎልማሳ መነኩሴ ናቸው፤ አካሄዳቸው ፈጣን ነው፤ ቁልቁለቱን ከሳቸው እኩል መውረድ ከበደኝ።

በጌቴሴማኒ ያለው ቤተ ክርስቲያን የላቲኖች ነው፤ ጣሊያናዊው መሐንዲስ አንቶኒዮ ባርሉትሲ ነድፎት በ1924 ተጠናቀቀ። የብዙ አገሮች ገንዘብ ስላለበት የአሕዛብ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ይባላል፤ ሌላው ስሙ ባዚሊካ ዘኤጎኒ ነው። መስኮቶቹ ሐምራዊ ስለሆኑ በቀትር እንኳ ውስጡ ደንገዝገዝ ያለ ነው። ከመሠዊያው ፊት ራሱን ያወጣ ዓለት አለ፤ ተሳላሚ ተንበርክኮ ይዳስሰዋል። ውጭ ግቢው ውስጥ ያሉት ስምንት የወይራ ዛፎች ግንዳቸው ተጣምሞ የገመድ ጉንጉን መስሏል፤ ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በ2012 ይፋ ባደረጉት ጥናት የሦስቱ ግንድ በ12ኛው መቶ ዘመን ገደማ የበቀለ ነው።

ከአጥሩ አጠገብ አንድ አስጎብኚ ለቡድኑ በእንግሊዝኛ ይተርካል። ኤጎኒ እያለ ስለ ሕመም ነው የሚያወራው፤ ስለ ጅራፉ፣ ስለ ችንካሩ። ለአባ ምን እንደሚል ስነግራቸው ፊታቸው ቅጭም አለ።

«እዚህ ቦታ እኮ ገና ማንም አልነካውም» አሉ። «ይሁዳም አልመጣ፣ ጭፍሮቹም አልመጡ። ምን ሕመም አለ? ይህ የመጣጣር ቦታ ነው።»

እውነታቸውን ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ተርጓሚዎቹ እዚህ ላይ ፍርሃትንና መጣጣርን አንድ ላይ አስገብተዋል፤ የስቶይኮቹን ፍርሃትና የስታዲየሙን ትግል በአንድ ዓረፍተ ነገር። ይህን ስላቸው አባ ራሳቸውን ነቀነቁና «ጣርና ጥረት ድሮም የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ የግእዙን ጻዕር ታውቀው የለ?» አሉኝ። አውቀዋለሁ፤ ሆኖም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከሩጫ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

ዳገቱን ስንመለስ ስለ ኦሎምፒያ ነገርኳቸው። ልጆቹን፣ ድንጋዩ ላይ ያለውን ቦይ፣ ያን የሸሸውን ሳራፒዮንን። የጠበቅሁት ዝምታ ነበር፤ እሳቸው ግን ቆም ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«የአቴንሱን 10,000 አይተኸዋል? የ2004ቱን?»

«አይቼዋለሁ፣ አባ።»

«እኔ ያን ጊዜ ገና አልመነኮስኩም፤ ደብረ ብርሃን አንድ ሻይ ቤት ነበርኩ፤ ቆሜ ነው ያየሁት። ኃይሌ የተረከዙን ጅማት አሞታል። ቀነኒሳና ስለሺ ወደ ኋላ እየዞሩ ያዩታል፤ ይጠብቁታል፤ ፍጥነቱን ሁሉ ቀንሰውለት ነበር። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው አይተነፍስም። አንዱ ጠብቁት ይላል፤ አንዱ ሂዱ ይላል፤ ኬንያው ... ኧረ ኡጋንዳው ነው፣ ይከተላል።»

«ኃይሌ አራተኛ ነው የወጣው፣ አይደል?»

«አምስተኛ!» አሉ፣ እንዴት ይረሳል በሚል ድምፅ። «ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ዘረሰናይ ለኤርትራ ሦስተኛ፣ ኡጋንዳው አራተኛ።»

«ግን ቀነኒሳ እንደሚያሸንፍ ልብዎ ያውቀው አልነበረም?»

«አውቄውማ ቢሆን ምን ያጣጥረኝ ነበር?» አሉና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዳገቱን ቀደሙኝ። የአንበሳ በር እስክንደርስ ስለ መጨረሻው ዙር ሲያወሩልኝ ነበር፤ ቀነኒሳ የት ቦታ ላይ እንደ ተወነጨፈ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤት ስንት ብርጭቆ እንደ ሰበረ፣ ሒሳቡንም ማን እንደ ከፈለ።